ከሳጥኑ የጠፋችው እንጉዳይ

«እንዳትተነፍሱበት» አለች እጥፍ፣ ወረቀቱን ጢም ብሎ እንደተሞላ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ ወደ መምህሩ ጠረጴዛ እየተራመደች። «ከተነፈሳችሁበት በንኖ ይጠፋል።»

ክፍሉ ትንፋሹን ዋጠ። ወረቀቱ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ነው። መሃሉ ላይ ቆርኪ የሚያህል ክብ ሮዝ ዱቄት አርፏል። የባዮሎጂ መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ጎንበስ ብለው አዩት፤ ከዚያ መነጽሩን መልሰው አጥልቀው እንደገና አዩት።

«ሮዝ» አሉ በመጨረሻ። «ቡናማ አይደለም። ሮዝ ነው።»

ተማሪው አጨበጨበ። ከኋላ ወንበር አንዱ ፉጨት ለቀቀ፣ መምህሩም እንዳልሰሙ ሆኑ። ያላጨበጨበች አንዲት ልጅ ብቻ ናት። እሷ ለወረቀቱ ከሁሉም ቀርባ ቆማ ነበር፤ አፍንጫዋ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ዱቄቱ ሽቶ ሸተታት።

ይህችን ልጅ ቤተሰቧም ክፍሏም ጉምሩክ እያሉ ነው የሚጠሯት። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው። ዳቦ ተገዝቶ ሲመጣ ቆጥራ፣ ወተት ሲመጣ ቀኑን አንብባ፣ ታላቅ ወንድሟ «መጣሁ» ብሎ ሲወጣ የት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚሄድና ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ጠይቃ ካልሆነ አታሳልፍም። በስሙ ተከፍታ አታውቅም። እንዲያውም ትንሽ ትኮራበታለች።

እጥፍ እጥፍ የተባለችው ደግሞ በምላሷ ነው። አንድ ውሻ ያባረራት እንደሆነ ማታ ሁለት ይሆናሉ፤ ወሬው ሰፈር ሲዞር አራት። «እጥፍ የነገረችሽን ለሁለት አካፍይ» ይባላል ክፍል ውስጥ። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። አንዷ ትጨምራለች፣ ሌላዋ ትቀንሳለች፤ ጓደኝነታቸው በዚሁ ሲሠራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል።

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ነው። መምህሩ ባለፈው ሳምንት የሳይንስ ክበቡን አባላት «በሰፈራችሁ ማንም ልብ የማይለው ሕይወት ያለው ነገር ፈልጉ» ብለው ነበር። አንዱ ጉንዳን አመጣ፣ ሌላው የግድግዳ ሽበት አመጣ። እጥፍ ግን የጫማ ካርቶን ይዛ መጣች። ካርቶኑ ውስጥ፣ እርጥብ ጥጥ ላይ፣ የበሰበሰ እንጨት ስባሪ አለ። እንጨቱ ላይ ሦስት ነጫጭ እንጉዳዮች ተለጥፈዋል። አገዳ የላቸውም፤ እንደ ጆሮ በጎናቸው ነው የበቀሉት። ሁለቱ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ አያክሉም። ሦስተኛዋ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። «ትልቋ» የሚለውን ማዕረግ ያገኘችው በዚህ ነው።

መምህሩ ፎቶ አንስተው ለአንዲት የእንጉዳይ ተመራማሪ ላኩ። መልሱ በዕረፍት ሰዓት ደረሰ። ይህን የሚመስሉ ሁለት ዓይነት እንጉዳዮች አሉ፤ በዓይን አይለዩም። የሚለያቸው እንደ ዘር የሚበትኑት ዱቄት ነው። ዱቄቱ ቡናማ ከሆነ በየትኛውም የበሰበሰ እንጨት ላይ የሚገኝ ተራ ነገር ነው። ሮዝ ከሆነ ግን በአገሩ እስካሁን የተመዘገበው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ተመራማሪዋ ዓርብ ራሷ ትመጣለች።

«እንግዲህ እንጉዳይዋን ሆዷን ወደ ታች አድርገሽ ወረቀት ላይ አስቀምጫት» አሏት መምህሩ እጥፍን። «ወረቀቱ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር ይሁን፤ በአንዱ ላይ ያልታየ በሌላው ላይ ይታያል። ብርጭቆ ድፊበትና አንድ ቀን እንዳትነኪው። ከዚያ ቅጹን ትሞያለሽ። ከየት፣ መቼ፣ በማን እጅ። እነዚህ ሦስቱ የሌሉት እንጉዳይ ጥራጊ ነው፤ ሴትዮዋ ዞር ብላም አታየው።»

«ከየት ነው ያገኘሽው?» አለች ጉምሩክ ወዲያው።

«ከአጎትሽ ግቢ። ከአናጢ ቤቱ ጀርባ ከወደቀው ግንድ ላይ።»

ይሄ ነው ያልተዋጠላት። ያ ግቢ አቋራጭ መንገዷ ነው፤ ግንዱን በቀን ሁለቴ ታልፈዋለች። በቀን ሁለቴ የምታልፈው ግንድ ላይ እንጉዳይ በቅሎ እሷ ሳታይ እጥፍ እንዴት አየች? ቅናትም ነበረበት፣ መቼም ሐቁ አይደበቅም፤ ግን ቅናት እንደሆነ ቢነግሯት አትቀበልም ነበር።

«ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ፣ ጠብቂልኝ» ብላ እጥፍ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣላት ሄደች።

ጉምሩክ ክዳኑን ከፈተች፣ ዘጋች። እንደገና ከፈተች። በሦስተኛው ትልቋን በጥፍሯ ፈንቅላ በደብተር ቅጠል ጠቀለለችና ኮምፓስ የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተቻት። ካርቶኑን በገመዱ አሰረችው። ሰረቅኩ አላለችም። ላጣራ ነው አለች፤ ጉምሩክ ዕቃ ሲይዝ ስርቆት አይባልም። እጥፍም ተመልሳ ተቀበለቻት፤ ትምህርት ሲያልቅ ካርቶኑን ሳትከፍት አቅፋው ወደ ቤቷ ሄደች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጉምሩክ ትልቋን እንደተባለው ወረቀት ላይ ደፋቻት፣ ብርጭቆ ደፋችባትና ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀለቻት። አንድ ቀን ይበቃል ተብሏል። እሷ ግን ለእርግጠኝነት ሁለት ቀን ፈረደችባት።

እና ዛሬ ረቡዕ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እጥፍ ትልቋ ስለመጥፋቷ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ማክሰኞ ዝም፣ ረቡዕ ጠዋት ዝም። ስታወራ የማትጠግብ ልጅ ዝም ስትል የሆነ ነገር አለ። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ትልቋ ሳትኖር ቆርኪ የሚያህል ሮዝ ክብ ይዛ መጥታለች። ትልቋ ራሷ የቆርኪ ግማሽ አትሞላም፤ ክብም አይደለችም፣ ጆሮ ነች። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ዱቄቱ ብልጭ አለ። እንጉዳይ ሽቶ ይቀባል? እንጉዳይ ያብረቀርቃል?

መምህሩ ወረቀቱን ሌላ ወረቀት ደርበው በጥንቃቄ ፖስታ ውስጥ ከተቱት። እጥፍ እያጨበጨቡ ከከበቧት ልጆች መሃል ወደ ጓደኛዋ አየች። ወዲያው ዓይኗን ሰበረች።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጉምሩክ «ቸኩያለሁ» ብላ ብቻዋን ሄደች። መጀመሪያ የገባችው አጎቷ ጋ ነው። አጎቷ በር እየላጉ ነበር፤ ሰጋቱራው ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር ሰፍሯል።

«ጋሼ፣ እጥፍ እዚህ መጥታ ነበር?»

«ያቺ ለፍላፊዋ?» መላጊያቸውን አስቀመጡ። «መጥታ ነበር ወይ ትይኛለሽ? ሦስት ቀን፣ እስከ እሑድ፣ ከዚህ ግቢ አልወጣችም በያት። ያ ግንድ ሥር በሆዷ ተኝታ በባትሪ ስታይ ስታይ፣ እኔማ ጉትቻ የጠፋት መስሎኝ አብሬ ልፈልግላት ነበር። ልብሷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እናቷ ምን እንዳለቻት እንጃ።»

«እኔ በየቀኑ በዚህ አይደል የማልፈው? አንድም ቀን አላየሁም።»

«አንቺማ ቆመሽ ነው የምታልፊው። ከላይ ምንም የለውም። ከሥር ነበር።»

ጉምሩክ ጀርባ ዞራ ግንዱን አየችው። ተገልብጧል። አጎቷ ማክሰኞ ዕለት ሊቆርጡት ገልብጠውት ኖሮ ፀሐይ መትቶታል። በተገለበጠው ጎን ላይ ደርቀው የተኮማተሩ ቢጫ ነጠብጣቦች ብቻ ቀርተዋል፤ አንዱን ስትነካው ተፈረካከሰ።

«ሌላ የለም?» አለች።

«አለቀ። እንደዚህ መፈለጉን ባውቅ ኖሮ መቼ እነካው ነበር? ምነው፣ ለምግብ ነው እንዴ?»

«አይ፣ ለትምህርት ነው።»

«ተመስገን» ብለው ወደ በራቸው ተመለሱ።

በመንገድ ላይ ጥርጣሬዋን እንደ ዳቦ ለሁለት ከፈለችው። ግማሹ ወደቀ፤ እንጉዳዮቹን በእርግጥ ያገኘቻቸው እጥፍ ናት፣ ያውም በሆዷ ተኝታ። ሽቶ የሸተተው ግማሽ ግን እንዳለ ነው። አሁን ቤት ገብታ ብርጭቆውን ስታነሳ ቡናማ ዱቄት ታገኛለች፣ የእጥፍም ሮዝ ውሸት መሆኑ ይታወቃል። በዚህ እርግጠኛ ነበረች። ወንበር ስባ ወጣች፣ ወረቀቱን ከቁም ሣጥኑ አናት አወረደች፣ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና ብርጭቆውን አነሳች። ትልቋ ደርቃ ጠርዟ ተጠቅልሏል። በሁለት ጣቷ ገለል አደረገቻት።

ነጩ ወረቀት ላይ የሚታየው እንደ እድፍ ደብዘዝ ያለ ነገር ነው። ጥቁሩ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ጆሮ የሚመስል ቅርጽ፣ ከአንድ ጥግ ተነስተው የሚበታተኑ ፀጉር የሚያካክሉ መስመሮች። ቀለሙ የድድ ቀለም ነው። አያብረቀርቅም። አሸተተችው፤ እርጥብ ዱቄት ዱቄት ይላል እንጂ ሌላ ሽታ የለውም።

ሮዝ ነው።

ዱቄቱ እንዳይበንን ብርጭቆውን መልሳ ደፋችበት። በአገሩ ሦስተኛዋ እንጉዳይ አልጋዋ ላይ ናት። ደስታው መጣ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ ሐሳብ ተከተለ። ዓርብ ተመራማሪዋ የእጥፍን ዱቄት ማይክሮስኮፕ ሥር ስታደርገው ጉዱ ይወጣል። የክፍሉ ሁሉ ዓይን እጥፍ ላይ ይሆናል። ያኔ አንዲት ልጅ እጇን ታነሳና «እኔ ጋ እውነተኛው አለ» ትላለች። ጉምሩክ ይህን ደስ እያላት አሰበችው። ደስ ማለቱ ራሱ ትንሽ አስደነገጣት።

ወረቀቱን ከነእንጉዳይዋ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ እጥፍ እህት ፀጉር ቤት ሄደች። ልትናዘዝ አልነበረም የሄደችው። የሸተታት የዚያ ቤት የጉንጭ ፓውደር እንደሆነ ጠርጥራ፣ በዓይኗ ልታይ ነው።

እጥፍ ከትምህርት መልስ እህቷን ታግዛለች፤ ወለሉ ላይ የወደቀ ፀጉር እየጠረገች ነበር። እህቷ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች ከራስጌዋ አልተነሳችም። ሦስት ዓመት የሞላው ትንሹ ወንድማቸው ባዶ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር ተቀምጦ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን በቢጎዲን ላይ ይደረድራል። መስተዋቱ ሥር ክብ የጉንጭ ፓውደር አለ። ጉምሩክ ክዳኑን ብድግ አደረገችው። አንድ ጎኑ በጥፍር ተፍቋል። ሽታው ያው ነው።

ዞር ስትል እጥፍ መጥረጊያዋን ይዛ ታያታለች።

«ሸተተሽ አይደል?» አለች እጥፍ ቀስ ብላ።

«ገና እዚያው እያለሁ።»

«ለምን ለቲቸር አልነገርሻቸውም?»

ጉምሩክ የፓውደሩን ክዳን መልሳ ገጠመችው። «መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ» አለች። «ለምን እንዲህ አደረግሽ?»

እጥፍ እህቷ እንዳትሰማ ወደ ጓሮው በር ሳበቻት። ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ትልቋ ጠፋችብኝ። ሰኞ ቤት ገብቼ ካርቶኑን አልጋ ላይ አስቀምጬ ዩኒፎርሜን ልቀይር ሄድኩ። ስመለስ ትንሹ ወንድሜ ካርቶኑን ከፍቶታል። ትልቋ የለችም። በአፉ ደግሞ የሆነ ነገር ያኝካል።»

ጉምሩክ በመስኮቱ ወደ ልጁ አየች። የደረደራቸው ቢጎዲኖች ተናዱበት፤ እሱም ከት ብሎ ሳቀ።

«ብስኩት ይሁን ምን ይሁን አላወቅኩም። አፉ ውስጥ ጣቴን ከተትኩ፣ ነከሰኝ። ለእናቴ ነገርኳት፣ ጤና ጣቢያ ይዘነው ሮጥን። ሐኪሙ ‹ምን ዓይነት እንጉዳይ ነው? መርዝ አለው?› አለኝ። አላውቅም አልኩት። ‹ያመጣሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?› አለኝ። ስሙን አላውቀውም አልኩት።» እጥፍ ጉልበቷን አቀፈች። «አስመለሱት። ሲያለቅስ ይዤዋለሁ። ምንም አልወጣም። እናቴ እስካሁን በቅጡ አታናግረኝም።»

«ስንት ሰዓት ቆያችሁ?» አለች ጉምሩክ። ድምጿ ከሩቅ የመጣ መሰላት።

«እኔ እንጃ፣ ሁለት ሰዓት።»

«ምን ሁለት ሰዓት ነው የምትይው?» አለች እህቷ ከውስጥ፤ ለካ ትሰማለች። «አምስት ሰዓት ነው የተቀመጥነው። ልጁ ዝሎ የሕሙማን አልጋው ላይ ተኝቶ።»

ጉምሩክ ጓደኛዋን አየቻት። በስምንት ዓመት ውስጥ እጥፍ አሳንሳ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ለጉምሩክ የሚቀነስ ነገር አልተረፈላትም።

«ከዚያ ሁለቱ ትንንሾች ጥሬ ናቸው፣ ዱቄት አይጥሉም። ዱቄት የምትጥለው ትልቋ ብቻ ናት ብለውኛል ቲቸር» አለች እጥፍ። «ወንድሜ በላት ብዬ ልናገር? ደግሞ ክፍሉ ሁሉ እጥፍ ውሸቷን ነው፣ መጀመሪያውንም አላገኘችም ይላል። አንቺ ራስሽ ትይ ነበር። ስለዚህ ሌላ ወረቀት በቆርኪ ልክ ክብ ቀድጄ በቀዳዳው ፓውደር ነሰነስኩበት። አሁን ደግሞ ዓርብ ሊደርስ ነው።»

ቦርሳው የጉምሩክ ጭን ላይ ነው። ቆርቆሮው በጨርቁ ውስጥ ይሰማታል። ማለት ያለባት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አጭርም ነው። አፏን ስትከፍት ግን ሌላ ሆኖ ወጣ።

«ከግንዱ ሥር አንድ ቀርታ ነበር» አለች። «እኔ ወስጃት ዱቄቷን አውጥቻለሁ። ሮዝ ነው። እውነተኛ ሮዝ።»

ቆርቆሮውን ከፈተች። እጥፍ ወረቀቱን አየችው፣ ከዚያ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጉንጯ እርጥብ ነበር። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለች። «ነገ ገና ደወል ሳይደወል እኔ ለቲቸር የፓውደሩን እነግራቸዋለሁ። ይቆጡኝ። አንቺ ይሄን ትሰጫቸዋለሽ።»

ትንሹ ልጅ መጥቶ አንድ ቢጎዲን ለጉምሩክ ዘረጋላት። ተቀበለችው። ወደ ቤቷ ስትመለስ እጇ ውስጥ ነበር፣ እስክትደርስ ድረስም አልጣለችውም። መንገዱን ሁሉ ውሸቷን ስታገላብጥ ሄደች፤ ማንም ሊይዛት እንደማይችል አረጋገጠች። ግንዱ ተገልብጧል፣ የቀሩት ደርቀዋል፣ አጎቷ ቆጥረው አያውቁም። የፈተሸችው ሁሉ ያልፋል። የሌላ ሰው ቢሆን እሷም ታሳልፈው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከመምህሩ ቢሮ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እጥፍ ገብታ፣ የሆነውን ተናግራ፣ ዓይኗ ቀልቶ ወጥታለች።

«ምን አሉሽ?»

«ፖስታውን ቀደው ጣሉት። ‹ራስሽ መምጣትሽ ጥሩ ነው› አሉ። ከዚያ ደግሞ ያንቺን ስነግራቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።» ቅጹን ሰጠቻት። «ናሙናው ያንቺ ነው፣ አንቺ ሙይው። ስምሽን በደንብ ጻፊው፣ የዶሮ ጭረት እንዳታደርጊው።»

ጉምሩክ ቅጹን ቦርሳዋ ላይ ዘረጋችው። ከየት? «ከአናጢ ቤት ጀርባ፣ ከወደቀ ግንድ ሥር» ብላ ጻፈች። ይሄ ቀላል ነበር። መቼ? እስክሪብቶዋ ቆመ። ማክሰኞ ብላ ብትጽፍ ማን ያውቃል? ተመራማሪዋ አታውቅም፣ መምህሩ አያውቁም። ከዚህ በኋላ ይህን እንጉዳይ በወረቀት ላይ የሚያነብ ሰው ሁሉ ማክሰኞ ብሎ ያነባል። እጥፍም እስክታረጅ ድረስ ወንድሟ የበላው የገዛ እንጉዳይዋን እንደሆነ ታስባለች። በመስኮቱ በኩል የሳቀው ልጅ ትዝ አላት።

«ምነው?» አለች እጥፍ። «ቀኑ ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም።»

«እሑድ» ብላ ጻፈች። እጥፍ የለቀመችበት ቀን ነው። በማን እጅ ከሚለው ፊት ለፊት የጓደኛዋን ስም ከነአባቷ ጻፈች፣ የዶሮ ጭረት ሳታደርገው። ከሥሩ ማስታወሻ የሚል ባዶ መስመር አለ። እዚያ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሰኞ በዕረፍት ሰዓት፣ እንድጠብቀው ከተሰጠኝ ካርቶን ትልቋን ሳልጠይቅ የወሰድኳት እኔ ነኝ። እስካሁን እኔ ጋ ነበረች። ማንም አልበላትም።» የራሷን ስም ከታች አሰፈረች።

የመምህሩ በር ሁለት እርምጃ ነው የሚርቀው። እሷ ግን ቅጹን ወደዚያ አልወሰደችውም። ወደ ጎን ገፋ አድርጋ እጥፍ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

እጥፍ ስታነብ በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያልተዋት ልማድ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ጨረሰች፣ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ተገረመች፣ ስሟ ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች። ከዚያ ወደ ማስታወሻው ወረደች። ጉምሩክ እስክሪብቶዋን ከድና የጓደኛዋን ጣት እያየች ጠበቀች።